የመርከብ መቆሚያ ኪራይና የመካነ ሰላም ነጋዴ

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም ከተማ ስለ መርከብ መቆሚያ ኪራይ መናገር ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። በቦረና ደጋ የሚታወቀው ትልቅ ውሃ ዐባይ ነው፤ እርሱም በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚወርድ መርከብ አያስተናግድም። ይሁን እንጂ ባለሱቁ በመደርደሪያው ላይ በደረደረው የዘይት ጀሪካን፣ የጨርቅ ጣቃና የባትሪ ድንጋይ ዋጋ ውስጥ መርከቢቱ ጅቡቲ ላይ የቆመችበት ሰዓትና ኮንቴይነሩ ያደረበት ሌሊት ሁሉ ተቆጥሮ ይገኛል። ከፋዩም በመጨረሻ ከወግዲ ወይም ከለጋምቦ ገበያ የመጣው ገበሬ ነው።

በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ለመዝናኛ የምትሆን ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች የመቆሚያው ኪራይ ዘወትር ያስጨንቃቸዋል። ኪራዩ በአብዛኛው በጀልባዪቱ ርዝመት ይታሰባል። ከከተማው ፊት ለፊት በወደቡ ግንብ ላይ ያሰረ ብዙ ይከፍላል፤ ራቅ ብሎ ውሃው መካከል በተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ ያሰረ ያነሰ ይከፍላል፤ ብርዱ ወራት ሲመጣም ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ በየብስ የሚያቆም አለ። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው የወደቡን ታሪፍ ማስቀነስ ስለማይችል ከውዱ ቦታ ፈቀቅ ይላል። የእኛም መንገድ ይኸው ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሲቋቋም አሰብ የአገሪቱ ወደብ ነበረች፤ የአሰብና የደሴ መንገድም ወሎን ከባሕሩ ጋር በቅርብ ያገናኝ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን ይህ መንገድ ለንግዳችን ተዘግቶ የውጭ ንግዳችን ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። በባንዲራችን የሚሄዱ መርከቦችም በሰው ወደብ ቆመው በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ስምምነትና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአንካራ ከሶማሊያ ጋር የወጣው መግለጫ ያስነሡት ተስፋና ክርክር ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። ጉዳዩ የመንግሥታት ነውና ለእነርሱ እንተወዋለን፤ የባለሱቁ ጭንቀት የሚመጣው ወር ጭነት ነው።

መርከብ ወደብ ስትገባ እንደ ግዝፈቷና እንደ ቆየችበት ጊዜ ትከፍላለች፤ ይህም በማጓጓዣው ዋጋ ላይ ይታከላል፤ ነጋዴው በዚህ ላይ ቃል የለውም። የኮንቴይነሩ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በነጻ የተፈቀዱት ቀኖች ካለፉ በኋላ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ዕቃው ተራግፎ ባዶው ሣጥን እስኪመለስም ድረስ አይቆምም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሦስት የንግድ ጓደኞቼ አንድ ኮንቴይነር የወጥ ቤት ዕቃ አስመጥተን ነበር። በዕቃው ዝርዝርና በባንኩ ሰነድ መካከል የአንዲት ቃል ልዩነት ተገኘ። ሰነዱ ተመልሶ ሄዶ ታርሞ እስኪመጣ ድረስ ኪራዩ ትርፋችንን ጨርሶ ወደ ዋናው ገንዘብ ገባ። ጥፋቱ የራሳችን ስለሆነ የምንከሰው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ፈቀቅ ማለት ያልሁት ይህ ነው። ከጅቡቲ የሚነሣው የጭነት መኪና በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ አንደኛው መንገድ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ሌላው ወደ አዋሽና ወደ ሞጆ ይወርዳል። በመካነ ሰላም የሚሸጠው የውጭ አገር ዕቃ አብዛኛው በሁለተኛው መንገድ ሄዶ ከሞጆ መርካቶ ይገባል፤ ከዚያም በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ደርሶ፣ በአቀስታ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ሚሌ ላይ በደጃችን ያለፈው ዕቃ ግማሽ አገር ዞሮ ሲመለስ የሚከተለውን የነዳጅ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ ወጪ አንባቢ በራሱ ሒሳብ ይመልከተው። ኮምቦልቻ ደግሞ ደረቅ ወደብም የጉምሩክ ቅርንጫፍም አላት።

ታዲያ ለምን አልተጠቀምንባትም? ከተማዪቱ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ተጎድታለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም የጭነት መኪና ባለቤቶችን አስፈርቷል። የአዋሽና የኮምቦልቻው ባቡር ሐዲድ ከተነጠፈ በኋላም ለዓመታት አገልግሎት ሳይሰጥ ቆይቷል። እነዚህ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ እኛ ነጋዴዎች አንሥተን የማንነጋገርበት፣ ዱቤ ነው። የመርካቶው ጅምላ ሻጭ ለመካነ ሰላሙ ባለሱቅ ዕቃውን በእምነት ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ከመኸር በኋላ ሲከፈለው ይታገሣል። በኮምቦልቻ በኩል የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ትዕግሥት ካላሳየ ዕቃው በአነስተኛ ዋጋ ቢገባም ገዢ አያገኝም።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ አስመጪዎች ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታና ከወግዲ ባለሱቆች ትእዛዝ አስቀድመው ሰብስበው አንድ ኮንቴይነር በጋራ ቢሞሉ፣ የዱቤውንም ውል በጽሑፍ ቢያደርጉት መልካም ነው። የንግድ ምክር ቤቶችም አስማሚ መሆን ይችላሉ። በደጋው የሚበቅለውን ባቄላና ምስር ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችም ከዚህ ያተርፋሉ፤ አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ብዙው ሣጥን ባዶውን ይመለሳልና።

አሁን የባንክ ሰነድ በማስከፈት ላይ ያለ አስመጪ ካለ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ የመጨረሻው መድረሻ «ኮምቦልቻ» ተብሎ መጻፉን ያረጋግጥ። ሣጥኑ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ መድረሻ ማስለወጥ ደብዳቤና ቀናት ይጠይቃል፤ ቀናቱም ኪራይ አላቸው።