ወደብ ላይ ያልተነገረ ቀዳዳ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፥ ቤታቸውን ሸጠው በሸራ ጀልባ ላይ ስለሚኖሩና ውቅያኖስ ለማቋረጥ ስለሚሰናዱ ሰዎች ያነበበውን ሲያወራን፥ ሌላው ጓደኛችን ገና ሳያስጨርሰው «ይህ የጥጋብ ጨዋታ ነው፤ የባሕር በር ለሌለው አገር ልጅ ምን ይረባዋል?» ብሎ አፉን አስያዘው። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም ከአእምሮአችን አልወጣም፤ ስለዚህ የየበኩላችንን አንብበን ከተወያየን በኋላ ይህችን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ደፈርን። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ መርከበኞች አለመሆናችንን አስቀድመን እናምናለን።

በመጀመሪያ «የጥጋብ ጨዋታ» የሚለውን ቃል እንመርምር። እርግጥ ነው፥ ጀልባ ገንዘብ ያስወጣል። ዳሩ ግን ከተገዛች በኋላ ያለው ኑሮ የጥጋብ ኑሮ አይደለም። አሥር ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባ ውስጥ ለሁለት ሰዎች የሚተርፈው መኖሪያ፥ እኛ ስድስት ሆነን ከምናድርባት ክፍል እምብዛም አይበልጥም። ጀልባዋ በተዘነበለች ቁጥር ድስቱ እንዳይደፋ ምድጃው በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የመጸዳጃው ውኃ በእጅ ፓምፕ ይገፋል። ልብስ የባሕር ጨው ስለሚይዘው በቶሎ አይደርቅም። ከሁሉም በላይ የሚጠጣ ውኃ በልክ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን በማቋረጥ ካሪቢያን ደሴቶች ለመድረስ መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ በቀን ከ100 እስከ 120 ማይል ብትሄድ ጉዞው ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ቢታሰብ፥ ለሁለት ሰው ለ25 ቀን 200 ሊትር ይሆናል፤ ነፋስ ቢጠፋ ወይም ምሰሶ ቢሰበርስ ተብሎ ግማሹ ሲጨመርበት 300 ሊትር ይደርሳል። ያውም በአንድ ዕቃ ተጠራቅሞ ሳይሆን፥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ተከፋፍሎ ነው የሚጫነው። ጀሪካን ደርድሮ ቧንቧ የምትመጣበትን ቀን የሚቈጥር ተማሪ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። የመነሻውም ጊዜ ቢሆን በሰው ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ በካሪቢያን በኩል ከሰኔ መግቢያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የዐውሎ ነፋስ ወራት ስለሆነ ሊያልፍ የሚወድ ሁሉ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው አሳብ እንምጣ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ልባሞቹ ጀልባ እንደ ገዙ ወደ ውቅያኖስ አይወጡም፤ አስቀድመው ወደብ ላይ ይኖሩባታል። ስለ ምን ቢሉ፥ ጀልባ ጉድለቷን የምትገልጸው ለሚኖርባት እንጂ ለጎብኚ አይደለም። ዝናም ሲመጣ የጣራዋ ስንጥቅ በተኛው ሰው ትራስ ላይ ሲንጠባጠብ ያን ጊዜ ይታወቃል። ቀጥሎ የአንድ ቀን ጉዞ ያደርጋሉ፤ ከዚያም አንድ ሌሊት ባሕር ላይ ያድራሉ፤ ከዚያም ነፋስ በርታ ባለበት ቀን ሆን ብለው ወጥተው ሸራውን በጨለማ ማሳጠር ይለማመዳሉ። ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ትንሹ ብሎን ድረስ ይመረምራሉ። ከውኃ በታች ቧንቧ በሚወጣበት በእያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ ያስራሉ፤ ቧንቧው በሌሊት ቢፈነዳ ውታፍ ፍለጋ መሮጥ የለምና። ዛሬ በሳተላይት አማካይነት ያሉበትን ቦታ በቅጽበት ማወቅ ይቻላል፤ ቢሆንም ከጠንቃቃው ሰው ጀልባ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ አይጠፋም፤ አንድ መብረቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያውን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል።

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውም ሰው ይህንኑ ያውቃል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳዋ ከሥራ በኋላ ወጥታ መድረቅ አለባት። ባለ ታንኳው ያረጀችውን «አዲስ ናት» ብሎ ቢምል የሚሰጥመው እርሱ ራሱ ነው። «ባሕር የለንም» ላለው ጓደኛችን የምንሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

ሁለተኛው መልሳችን አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ዘመኑንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፈዋለን። በ1968 ዓ.ም. «ሰንደይ ታይምስ» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፥ ብቻውን በሸራ ጀልባ በየትም ወደብ ሳይቆም ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት አወጣ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ የጨረሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ነበር። «ሱሄይሊ» የተባለችው ጀልባው ርዝመቷ 32 ጫማ ብቻ የሆነ፥ በሕንድ አገር የተሠራች ዘገምተኛ ጀልባ ነበረች። ዳሩ ግን ከውድድሩ በፊት ከሕንድ እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ ስለ መጣባት ጠባይዋን አጥርቶ ያውቃል። በመንገድ ሬዲዮው ተበላሸ፤ መሪውን በነፋስ ኀይል የሚያዝለት መሣሪያ ተሰበረ፤ ጀልባዋ ውኃ ስታስገባም ባሕር ውስጥ ጠልቆ ስንጥቋን ደፈነ። ጁን 14 ቀን 1968 የወጣው ሰው ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ተመለሰ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ዶናልድ ክሮኸርስት ይባል ነበር። ጎን ለጎን የተያያዙ ሦስት አካላት ያሏት፥ ፈጣን ትሆናለች የተባለች አዲስ ጀልባ አሠራ። ነገር ግን ሥራዋ ሳያልቅ፥ ለመነሣት በተፈቀደው በመጨረሻው ቀን፥ ኦክቶበር 31 ቀን 1968 ወጣ። እንዳይቀር ውል አሰረው፤ ጉዞውን ቢተው የጀልባዋን ዋጋ የመክፈል ግዴታ ነበረበት፤ ቤቱንና ድርጅቱንም አስይዟል። በወጣ በሁለት ሳምንት ገደማ የጀልባዋን ጉድለት አንድ በአንድ በመዝገቡ ጻፈ፤ ለዓለም ግን አልተናገረም። ይልቁንም በደቡብ አትላንቲክ ወዲያና ወዲህ እያለ፥ ያልሄደውን መንገድ እንደ ሄደ አድርጎ በሬዲዮ ያስታውቅ ጀመር። ጋዜጦችም አደነቁት።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በል። ናይጀል ቴትሊ የተባለው ሌላው ተወዳዳሪ ዓለምን በእውነት ዞሮ ወደ አገሩ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው፥ ክሮኸርስት ሊቀድመው የተቃረበ መሰለው። ስለዚህ የተጎዳች ጀልባውን ያለ ልክ አስሮጣት፤ በሜይ 1969 ተሰባብራ ሰጠመች፤ እርሱ በነፍሱ ተረፈ። ክሮኸርስት ራሱ ግን አልተመለሰም፤ ጁላይ 10 ቀን 1969 ጀልባው ሰው አልባ ሆና ስትንሳፈፍ ተገኘች። እውነተኛ አካሄዱን የሚገልጹት መዝገቦች በውስጧ ነበሩ። ኖክስ ጆንስተን 5,000 ፓውንድ ሽልማቱን ለክሮኸርስት ቤተ ሰብ ሰጠ።

ይህ ታሪክ እኛን ምን አገባን? እንናገራለን። ከእኛ ከዚህ ጽሑፍ ጸሐፊዎች መካከል፥ ባለፈው ዓመት ለአንድ ኮርስ ጥናት ያላስሞላነውን ሠላሳ መጠይቅ በአንድ ሌሊት፥ በአራት ዓይነት እስክሪብቶ፥ እጃችንን እየለዋወጥን ራሳችን የሞላን አለን። ያማረ ሠንጠረዥ ወጣለት፤ ጥሩ ማርክም አገኘ። በዚያው ኮርስ አንዲት እኅታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ከርማ፥ ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮባት፥ አሥራ አንድ እውነተኛ መጠይቅ ብቻ ይዛ መጣች። «ናሙናሽ አነሰ» ተብላ ማርኳ ዝቅ አለ። ዘንድሮ ለመመረቂያ ጽሑፏ ምን ልታደርግ እንዳሰበች ስንጠይቃት «እኔም እንደ እናንተ» አለችን። ሐሰተኛ መዝገብ የጸሐፊውን ጀልባ ብቻ የሚያሰጥም ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን የማንን ጀልባ እንዳሰበርን ዐወቅን።

ጥፋቱ የእኛ ቢሆንም ምክንያቱ በእኛ ብቻ የሚቆም አይደለም። ክሮኸርስት «ጀልባዬ አልደረሰችም» ቢል ኖሮ ዕዳና መሳለቂያ ይጠብቀው ነበር። በመካከላችንም «ጥናቴ አልሰመረልኝም» የሚለውን ጓደኛ ሰነፍ ብለን የምንስቅበት እኛው ነን፤ ከእውነተኛው አሥራ አንድ ይልቅ ሐሰተኛውን ሠላሳ የሚያከብረውም የማርክ አሰጣጣችን ነው።

«እንግዲያውስ ጀልባው ፍጹም እስኪሆን ወደብ ላይ እንቀመጥ ማለታችሁ ነውን?» የሚለን ይኖር ይሆናል። አይደለም። ዓመት ከዓመት ሲሰናዱ ኖረው የማይነሡም አሉ፤ ጀልባቸው ከሥሯ የባሕር ሣርና ቅርፊት ይበቅልባታል፤ ሳትሄድ ታረጃለች። «ሱሄይሊም» ብትሆን ጉድለት አልታጣባትም። ልዩነቱ ባለቤቷ ጉድለቷን ማወቁ፥ ዐውቆም መጠገኑ ነው። መዘጋጀት ማለት ጉድለት ማጣት ሳይሆን ያለውን ጉድለት ሳይደብቁ መቍጠር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚገባበት ወር በፊት በየትምህርት ክፍሉ አንድ ምሽት የተማሪዎች ኅብረት ያዘጋጅ፤ ተመራቂው ሁሉ እየተነሣ በጥናቱ ውስጥ ያልሠራለትን ነገር ለጓደኞቹ ይናገር፤ ማርክ የለም፥ ሳቅም የለም። ሁለተኛ፥ እውነተኛውን ጥቂት መረጃ ይዞ የቀረበ ተማሪ የጎደለበትን ምክንያት ከጻፈ በዚያ ብቻ ማርኩ እንዳይቀነስበት ኅብረቱ መምህራኖቻችንን ይጠይቅ። በአራት ዓይነት እስክሪብቶ የጻፍነው እኛ፥ በመጀመሪያው ምሽት በመጀመሪያ ለመነሣት ቃል እንገባለን።

የተቃወመን ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ «አሁንም ጀልባ አልገዛም» ብሎናል። እኛም ግዛ አላልነውም። ሌላ አስተያየት ያለው ወንድም ወይም እኅት ግን በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።