ሙቀትን የሚያነብ ዓይን

የዚህ እትም ትኩረት በናሳ ጎዳርድ ማዕከል የሠሩት ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ብሩክ ላቀው ናቸው። ሙግታችን አንድ ነው፤ ለፕላኔት ሳይንስ መሣሪያ ሠሪው ከግኝቱ ባለቤት አያንስም። ከጆን ብራሱናስ ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ስለ ቦሎሜትር ነው። ቦሎሜትር የሙቀት ጨረር ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ይለወጣል። የተጠቀሙበት ሱፐርኮንዳክተር ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ መቋቋሙ በድንገት ስለሚቀየር ኢምንት ሙቀት አያመልጠውም። የመሣሪያ ዋጋ በሌላ ለኪም ታይቷል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በካሲኒ መንኮራኩር ላይ የነበረው የጎዳርድ ሙቀት ለኪ፣ ብርድ ብቻ ይጠበቅበት በነበረው በሳተርን ጨረቃ በኤንሰለደስ ደቡብ ዋልታ ሙቀት አገኘ። ያለ ለኪው ግኝቱ ከየት ይመጣ ነበር?

“የሳተርን ጨረቃ ብርድ ለብቸናና ለሞጣ ገበሬ ምን ይፈይዳል?” የሚል አይጠፋም። ውኃ ያጠረው ሰብል ላቡን ሲያቆም ይሞቃል፤ ሳተላይትም ያንን ሙቀት በዚሁ መርህ ከሰማይ ይለካል። የጤፍ ማሳ ከዚህ አይወጣም። “መጀመሪያ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይሟላ” የሚለው ግን ይከብዳል፤ ትክክልም ነው። ቢሆንም ጅምሩ ውድ አይደለም፦ ሁለት ጣሳ ውኃ፣ አንዱ ጥላሸት የተቀባ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴርሞሜትር ይግባባቸው።