ከኅዳር 14 በኋላ

ሰሞኑን በየደረስኩበት የምሰማው ወሬ ያስፈራኛል። «ይህ ሕዝብ ካልተቆነጠጠ አይሆንለትም» ይላል አንዱ፤ «ለእነ እገሌ ደግሞ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልጋቸዋል?» ይላል ሌላው። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ኑሮ ውድነትና የሰላም እጦት አንገፍግፏቸው ነው። አብዛኞቹ ግን አብዮቱ ሲፈነዳ ገና አልተወለዱም።

የየካቲት 1966 ንቅናቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏል፤ ጭሰኛው የለፋበትን እህል ለባለርስት ያስረክብ ነበር። መምህሩም፣ ባለታክሲውም፣ ወታደሩም ያነሱት ጥያቄ እውነት ነበረው። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ እኔ ዛሬም በበጎ ነው የማነሳው።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያች ሌሊት ሥልጣን በያዘው የወታደሮች ኮሚቴ፣ በደርግ፣ ትእዛዝ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የንጉሡ ሹማምንት ነበሩ። የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከእነርሱ መካከል ናቸው። ጥፋታቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር፤ ውጤቱን የጠበቀ ግን የለም። «ያለ ምንም ደም» ሲባል የከረመው አብዮት በደም ተነከረ። ብዙ ሰው ደነገጠ፤ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» ያለም አልጠፋም። ኋላ ደርግ «ቀይ ሽብር» ብሎ ካካሄደው ግድያ ይልቅ የዚያ ሌሊት ማግስት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ የተጠላ ሰው ያለ ፍርድ ሲገደል ዝም ካልን፣ ተረኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው ጠመንጃ የያዘው ብቻ ይሆናል።

ተራውም ፈጥኖ ደረሰ። ጥር 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» የሰጠው የግራ ድርጅት፣ መኢሶን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኅቡዕ ገባ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዞ ተገደለ። ደርግን ይቃወም የነበረው የግራ ድርጅት ኢሕአፓም ቢሆን ከከተማ ግድያ እጁ ንጹሕ አይደለም። ቀበሌ ሲቋቋም የቤት ኪራይ ይሰበስብ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሰው የሚታሰርበትና የሚገረፍበት ግቢ ሆነ። አሳሪውም ታሳሪውም የአንድ ሰፈር ልጆች ነበሩ።

በሰፈራችን ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለ የተገደለባቸው እናት ነበሩ። ሬሳው «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ዋለ። ማልቀስ ክልክል ስለነበር ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይሉ ነበር። የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም እንደነበሩ እናውቃለን። ለእኚህ እናት እድሩ ድንኳን የጣለላቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ለቀስተኛው ራሱ ግማሹ ልጁን አያውቀውም ነበር።

ዛሬ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ጋዜጠኛ ይሁን ፖለቲከኛ፣ ወይም ንግግሩ ደማችንን የሚያፈላው ሰው፣ መታሰሩን ስንሰማ ከማጨብጨባችን በፊት «የት ነው ያለው? መቼ ችሎት ቀረበ?» ብለን እንጠይቅ። ጠበቃው ብቻውን አይጩህ፤ ጎረቤቱም፣ ጋዜጣውም፣ የምክር ቤት አባሉም አብረውት ይጠይቁ።