ሆዱ የተበሳ በሬ ለእርድ አይቸኮልበት

በሐምሌና በነሐሴ ግጦሽ ጠቦበት የከረመ በሬ መስከረም ላይ ከለምለም ማገጥ ጋር ይገናኛል። ማለዳ በባዶ ሆዱ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ከተለቀቀ እስኪጠግብ ይግጣል። ረፋድ ላይ ግራ ጎኑ ከጀርባው አጥንት እኩል ይነፋል፤ ማመስኳት ያቆማል፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የተነፋው ጨጓራ ሳንባውን ስለሚጫነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጎረቤት ተሰብስቦ መላ ሲመታ ጊዜው ይሄዳል፤ መጨረሻው ወይ ካራ ነው ወይ ቅርጫ።

በሬው ተበስቶ ቢተርፍም ጣጣው አያልቅም። "ሆዱ የተበሳ በሬ ከእንግዲህ አያመሰኳም፣ ቀንበርም አይችልም" የሚል ምክር ይመጣና ባለቤቱ በረከሰ ዋጋ ለሥጋ ይሸጠዋል። በቀጣዩ የእርሻ ወቅት በአንድ በሬ የቀረው ገበሬ መቀናጆ ፍለጋ ይዞራል።

ምክሩ ግን ስህተት ነው። የከብት ትልቁ ጨጓራ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት መኖውን ያብላሉታል፣ ከብቱም የሚፈጠረውን ጋዝ በማግሳት ያስወጣዋል። በአግባቡ የተበሳ ቀዳዳ ይህን ሥራ አያስቆምም። የምርምር ተቋማት የመኖን መፈጨት ለማጥናት በከብት ግራ ጎን ላይ ክዳን ያለው ቋሚ ቀዳዳ ያበጃሉ፤ እነዚህ ከብቶች እየበሉና እያመሰኩ ለዓመታት ይኖራሉ። ከዚህ አንጻር ለአንድ ቀን የተከፈተች ጠባብ ቀዳዳ በሬን ከሞፈር ልትለየው አይገባም።

በሬውን የሚጎዳው አበሳሱ ነው። በካራ ሲወጋ የቆዳውና የጨጓራው ቀዳዳ ይለያያሉ፤ የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃው ይፈስና ይመረቅዛል። ከቀናት በኋላ መኖ እንቢ ብሎ የሚከሳው በሬ ብዙውን ጊዜ የዚህ ሰለባ ነው። ባለሙያው የሚጠቀምበት ትሮካር ግን ሹል ዘንጉ ሲወጣ ቱቦው ውስጥ ስለሚቀር ጋዙ በዚያ በኩል ይወጣል። ቦታውም የትም አይደለም፤ በግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላና ከዳሌው አጥንት ፊት ያለው ስርጉድ ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያው የሚያዘው መድኃኒት፣ ለጥቂት ቀናት ድርቆሽና ውኃ፣ ቁስሉ እስኪድንም ከቀንበር ማረፍ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። የማገጥና የአልፋልፋ መነፋት በአመዛኙ አረፋ ነው። ጋዙ በአረፋው ውስጥ ስለሚታሰር ትሮካርም ቢገባ ቱቦው ይደፈናል። ለዚህ የሚቀድመው ዘይት ነው፤ የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት አረፋውን ይሰብራል። ለአንድ ትልቅ ከብት ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንገቱን ወደ ላይ ሳይጠመዝዙ፣ ሳንባው እንዳይገባ ቀስ አድርገው ያጠጡት፤ ከዚያም ያንቀሳቅሱት። ዘይቱ ባለሙያ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል፣ ባለሙያውን ግን አይተካም። ከሁሉም የሚረክሰው መከላከያ ደግሞ ከብቱን ወደ ማገጥ ከመልቀቅ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ ማብላት፣ ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅና መጀመሪያ ላይ የግጦሹን ሰዓት ማሳጠር ነው። ይህን ለማድረግ ገበሬው የማንንም በጀት አይጠብቅም።

ትሮካሩ ግን የወረዳው ድርሻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ መነፋቱ መስከረም ላይ ይመጣል። የእንስሳት ጤና ዕቃ ግዢ ከሌላው ግዢ ጋር ተጠቅልሎ ኅዳር ከደረሰ ለዚያ ዓመት ምንም አልጠቀመም። ትሮካር በየዓመቱ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ታጥቦና ተቀቅሎ ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ "በጀት የለም" የሚለው መልስ እዚህ ላይ ብዙም አያሳምንም። ዕቃው በወረዳ ከተማ መጋዘን ተቆልፎ ቢቀመጥም ዋጋ የለውም፤ በቀበሌ ደረጃ አበሳሱን በተግባር የተማረ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እጅ ሊገባ ይገባል።

ወቅቱ ከበዓላት ጋር መግጠሙም ሌላ ችግር ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ማገጡ በሚለመልምበት በዚያው ወር ነው፤ ክሊኒኮችም የሚዘጉት በእነዚሁ ቀናት ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጳጉሜን ሳያልፍ የበዓል ተረኛ ባለሙያ መድበው ስልክ ቁጥሩን በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጥፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።