ደንቡ ወጥቷል፤ ቦታው የት አለ?

በሐሙስ ቀን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሔድ መንገደኛ ሐሙሲት ሲደርስ ጉዞው እንደሚዘገይበት ያውቃል። ስሟን ከገበያዋ ያገኘችው ይህች ከተማ በዚያን ዕለት አህያውን፣ ባጃጁንና እህል የጫነውን መኪና ሁሉ በአንድ ጎዳና ላይ ታሰልፋለች። ወደ ወረታ ሲቀጥል ደግሞ የጉማራ ድልድይ አለ። አንድ የትራፊክ ፖሊስ በድልድዩ ራስ ቆሞ «አምቡላንስ ይቅደም» ቢል የሚያማርር አይኖርም። ነገር ግን የሚቀድሙትን ሁሉ በአምስት መቶ ገጽ ዘርዝረን ብንሰጠውና እያንዳንዱን መኪና እያስቆመ መዝገቡን እንዲያገላብጥ ብናዘው፣ አምቡላንሱም ከኋላ ቆሞ ይቀራል።

በየመሥሪያ ቤቱ በሣጥን ተቆልፈው የሚቀመጡት ራውተርና ስዊች የተባሉት መሣሪያዎች ሥራቸው የዚህ ፖሊስ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተዘረጋው ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ሲያገናኝ፣ የቪዲዮ ስብሰባውም፣ ስልኩም፣ ሰነዱም በአንድ መረብ እንዲሔዱ ታስቦ ነበር። ሰነድ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። ድምፅ ግን ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ተነጋጋሪዎቹ ቃል መሻማት ይጀምራሉ። (በሳተላይት የሚመጣ ድምፅማ ሩብ ሰከንድ ያህል በሰማይ ስለሚያጠፋ የትኛውም ደንብ አያድነውም።)

ስለዚህ የቅድሚያ ደንብ ይጻፋል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ፣ መልእክቱ ተቆራርጦ በሚጓዝበት በእያንዳንዱ ጥቅል ግንባር ላይ 6 ቢት መድቦ 64 ዐይነት ምልክት ለማኖር አስችሏል። ከትምህርት ቤት አዲስ የወጣ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። 64 ምልክት ካለ 64 ሰልፍ ያለ ይመስለዋል። ብዙዎቹ ስዊቾች ግን በአንድ መውጫ ላይ ያላቸው ሰልፍ 4 ወይም 8 ነው።

ከሰልፉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ደንቡ የሚሰፍርበት ቦታ ነው። ቲካም የሚባለው ይህ የማስታወሻ ክፍል በየመስመሩ 1፣ 0፣ ወይም «የመጣው ይምጣ» ተብሎ ይጻፍበታል። ጥቅል በደረሰ ጊዜ መስመሮቹን አንድ በአንድ አያነብም፤ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ይጠይቃቸዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ኤሌክትሪክ በብዛት ይበላል፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ ውድም በመሆኑ ጠባብ ሆኖ ይሠራል። ያንኑ ጠባብ ቦታ ደግሞ በብዙ መሣሪያዎች የጥበቃው ደንብ ይሻማበታል።

ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር የጻፈው ደንብ በዚያ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ አይወስድም። መሣሪያው ቁጥርን የሚከፍለው 2፣ 4፣ 8 እያለ እጥፍ በሚሔድ ቁራጭ ስለ ሆነ፣ «የፖርት ቁጥሩ ከ1 እስከ 65534 የሆነ ሁሉ» የሚለው ቃል፣ ሌላ ማገዣ ከሌለ፣ 30 መስመር ይፈጃል። የላኪውም የተቀባዩም ቁጥር እንዲህ የተጻፈ እንደ ሆነ 30 ጊዜ 30፣ ማለት 900 መስመር ይሆናል። ጸሐፊው ግን በወረቀቱ ላይ የሚያየው አንዲት መስመር ናት።

ቦታው ሲሞላ አንዳንዱ መሣሪያ «ደንቡን አልቀበልም» ይላል፤ ጨዋው ይህ ነው። ሌላው ግን እሺ ብሎ ይቀበልና ጥቅሉን ሁሉ ወደ ዋናው አንጎል ይመራዋል፤ አንጎሉም ይህን ያህል ብዛት ለማስተናገድ ስላልተሠራ መረቡ ይንገዳገዳል። በሐሙሲት ያለ የጤና ባለሙያ ስለ አንዲት ወላድ ባሕር ዳር ካለ ሐኪም ጋር በዚህ መስመር ሲመካከር ድምፁ ቢቆራረጥ፣ ደንቡ በመዝገብ መኖሩ ለወላዷ ምን ይረባታል?

መሣሪያው ከፈቀደ አንዱን ደንብ ለብዙ መውጫዎች በጋራ ማዋል መስመር ይቆጥባል። የሚከብደው የየክፍሉ ኀላፊ «የእኔ ሰነድ ይቅደም» ሲል ነው፤ እያንዳንዱ ልዩ ፈቃድ መስመር ይበላልና። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንቢ ማለት ለወጣት ሠራተኛ ቀላል አይደለም፤ ያም ሆኖ የቀሩትን መስመሮች ቁጥር ይዞ የሚቀርብ ሠራተኛ ክርክሩ ይቀልለታል።

የግዢ ኮሚቴዎችም ከጊጋቢቱ ቁጥር ጎን ሦስት ጥያቄ በጨረታው ሰነድ ላይ ይጨምሩ፦ በየመውጫው ስንት ሰልፍ አለ? ተራ የሚጠብቁት ጥቅሎች ማቆያ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ለቅድሚያ ደንብ የተተወው መስመርስ ስንት ነው? መልሱም ከግዢ ክፍል መዝገብ ውስጥ ሳይቀር፣ ደንቡን ከሚጽፈው ሰው ጠረጴዛ ይድረስ።