በየትኛው ‹ሀ› ልጻፈው?

ባለፈው ክረምት ታላቅ እህቴ ሠናይት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ናት። እንደ ማንኛውም ቤት በእኛም ቤት ገንፎው ተገነፋ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ወር ተኩል ያህል ልጅቷ ስም አልነበራትም። «ሚጣ» እየተባለች ከረመች። (ሚጣ ሳትባል ያደገች ሴት ካለች እጇን ታውጣ።)

ስም የጠፋው በስም እጥረት እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ባል ስልኩ ውስጥ «ዘመናዊ የልጅ ስሞች» የሚል የትየለሌ ዝርዝር አከማችቶ በየማታው ያነብልናል። አያቴ፣ እኛ እቴቴ የምንላት፣ «ምሕረት በሏትና ገላግሉኝ» ትላለች። ሠናይት ለካ ከእርግዝናዋ ጀምሮ አንድ ስም በልቧ ይዛ ኖሯል። አንድ እሑድ ሁለተኛው ቡና ላይ አወጣችው።

«ኆኅት» አለች።

«ማን?» አለች እቴቴ።

«ኆኅት። በግዕዝ በር ማለት ነው። እመቤታችን ኆኅተ ብርሃን ትባል የለ? የብርሃን በር። ከዚያ ነው የወሰድኩት።»

እቴቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እና የልጅ ልጄን በር ልትሏት ነው?»

ያን ቀን የተነሣው ክርክር ቡናው በረካ ሆኖም አላለቀም። በመጨረሻ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለሆንኩ ቤታችን ውስጥ ጽሑፍ ነክ ነገር ሁሉ የሚገፋው ወደ እኔ ነው፤ ማመልከቻም ቢሆን፣ የሠርግ ካርድም ቢሆን። «እሺ አንቺ የተማርሽው፣ ይሄ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?» ተባልኩ። እውነቱን ልናገርና ወዲያው አልመለስኩም። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እነሆ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አመጣሁት።

ያልተለመደ ስም ሲወጣ የሚናደዱ ሰዎች አሉ። «የአሁን ልጆች ስማቸው ሁሉ የፈረንጅ መድኃኒት ይመስላል» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። የእኛን ክፍል ብቻ ብትወስዱ ሦስት ቢታንያ፣ አንድ ኬብሮን እና አንድ ኤፍራታ አሉ። መምህሩ ስም ሲጠራ ክፍሉ የቅድስት አገር ካርታ ነው የሚመስለው። ቢታንያ በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለች መንደር መሆኗን ከሦስቱ ቢታንያዎች የምታውቀው አንዷ ብቻ ናት። ደግሞስ ለየት ይበል ተብሎ የወጣ ስም ሦስት ጊዜ በአንድ ክፍል ከተጠራ ምኑ ላይ ነው ልዩነቱ?

ነገር ግን ለየት ያለ ስም ማውጣት የእኛ ትውልድ ፈሊጥ አይደለም። የአያቶቻችንን ስም እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙት። ስንታየሁ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ፣ አለባቸው፣ ዘነበች... እያንዳንዱ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። ማስረሻ ከሆነ ከእሱ በፊት የተቀበረ አለ። ዘነበች ከሆነች ያን ቀን ዝናብ ነበር። የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ «አብዮት» የተባሉ ልጆች ዛሬ የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ናቸው። እቴጌ ምንትዋብስ ብትሆን? «ምን ትዋብ!» ብሎ በልጅ ፊት የተደነቀ ሰው እኮ ነው ስሙን ያወጣው። እነዚህ ስሞች ሲወጡ ያልተለመዱ ነበሩ፤ ያስለመዳቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ «ኆኅት ማለት ይከብዳል» የሚለውን ክርክር ብቻውን አልቀበለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልጅቷ ስሟን ዕድሜዋን በሙሉ ለስንት ሰው ስታስጽፍ እንደምትኖር ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው።

ስሜ ሥምረት ይባላል። እንደምታዩት ያልተለመደ አይደለም። እኔ ስወለድ እንዳሁኑ በሕግ የተደነገገ የልደት ምዝገባ ስላልነበረ የልደት ወረቀቴ የወጣው ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ላይ በአማርኛ በእሳቱ ሰ «ስምረት» ተብዬአለሁ፤ በላቲኑ ደግሞ ‹ኤስ› እና ‹ኤም› መሃላቸው ምንም አናባቢ ሳይገባ ተጣብቀዋል። የስምንተኛ ክፍል ካርዴ መሃላቸው ‹ኢ› አስገባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ‹አይ› አደረገው። መታወቂያ ሳወጣ የስምንተኛውን ካርድ ይዤ ስለሄድኩ ‹ኢ› ሆኜ ቀረሁ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ሁሉም ጆሮው እንደሰማው ጻፈ፣ እኔም ልጅ ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

አምና እናቴ ታመመች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ፣ ገንዘብም በአስቸኳይ ተፈለገ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ ያላትን ሁሉ አሰባስባ በእኔ ስም ላከች። ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና መታወቂያዬን አየች። «ስሙ አይመሳሰልም የኔ እህት» አለችኝ። አክስቴ የላከችው በ‹አይ› ነው፤ መታወቂያዬ በ‹ኢ› ነው። ገንዘቡ እዚያው፣ እኔም እዚያው፣ መሃላችን አንዲት ፊደል! ላኪዋ ራሷ ታስተካክል ተባለ። አክስቴ ደግሞ ከቤት የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቴ ተኝታ ቆየች። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሳምንት ቁጭ ብዬ የገዛ ስሜን እየደጋገምኩ ስጽፍ እንደ ሰነበትኩ አልረሳውም።

እና «ስም እንደ ድምፁ ይጻፍ፣ ምን አለበት» ሲሉኝ አልስቅም።

ወደ ኆኅት ልመለስ። በአማርኛ ፊደል አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት «ሞክሼ» እንላቸዋለን። ሞክሼ ማለት ስመ ጥምድ፣ ማለትም ስሙ ከሌላው ጋር አንድ የሆነ ሰው ማለት ነው። አያችሁ፣ ፊደሎቻችን ራሳቸው የስም መመሳሰል ችግር አለባቸው! ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህ ይቀነሱ፣ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ ከእኛም በኋላ የሚቀጥል ይመስለኛል። በበኩሌ ለተራ ጽሑፍ ብዙ አልጨነቅም። «ሀገር»ን በፈለጋችሁት ሀ ጻፉት፣ ነገሩ ይገባኛል።

የሰው ስም ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ምክንያቱም የብዙ ስሞቻችን ሥር ግዕዝ ነው፤ በግዕዝ ደግሞ ፊደሉ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል። ሠረቀ በንጉሡ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው። ሰረቀ በእሳቱ ከሆነ ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። ሠረቀ ብርሃን የተባለውን ሰው በእሳቱ ስትጽፉት ብርሃን ሰርቋል ብላችሁ እየከሰሳችሁት ነው። የኛዋ ሕፃንም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ «አመተ ማርያም» ተባለች፤ የማርያም አገልጋይ ማለት ነው። ለክርስትናው የታዘዘው ኬክ ላይ ግን በክሬም የተጻፈው «ዓመተ ማርያም» ነበር። የማርያም ዓመት! የዘንድሮው ይሁን የከርሞው አልተገለጸም። ኬኩ ግን ጥሩ ነበር። (በነገራችን ላይ «ስም» የሚለው ቃል ራሱ በእሳቱ ነው የሚጻፈው። ብዙዎቻችን አክብረነው ነው መሰለኝ በንጉሡ እንጽፈዋለን።)

ኆኅት ሁለቱም በብዙኃኑ ነው። መጀመሪያ ኆ፣ ቀጥሎ ኅ። እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ‹ኆ›ን ለማግኘት ስንት ቁልፍ እየተጫንኩ ፈለግኩ።

አማርኛው እንዲህ ከሆነ ላቲኑን አስቡት። እንደሚሰማው በአራት ፊደል ብንጽፈው፣ ማለትም ‹ኤች ኦ ኤች ቲ› ብንል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሆት» ብሎ ነው የሚያነበው። የልጅቷ አባት ይህን ሲሰማ ደንግጦ ወደ ዝርዝሩ ሊመለስ ነበር። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን በስልክ «መሃል ላይ ‹አይ› ጨምሩበት» አለን። የእህቴ ጓደኛ ደግሞ «መጨረሻው ላይ ‹ኢ› ቢኖረው ያምራል» አለች። ያምራል! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አሁን አሁን ስሙ ራሱ የተለመደ ሆኖ አጻጻፉን ብቻ ለየት ለማድረግ ሁለት ‹ኤል› የሚደረድር፣ የማይነበብ ‹ኤች› የሚሸጉጥ ወላጅ በዝቷል። ከሦስቱ ቢታንያዎች አንዷ በ‹አይ›፣ አንዷ በ‹ዋይ›፣ ሦስተኛዋ መሃል ላይ ‹ኤች› ጨምራ ነው የምትጽፈው። ሦስቱም የእናታቸው ምርጫ ነው። ሦስቱም በየመሥሪያ ቤቱ «የእኔ እንደዚህ ነው» ሲሉ ይኖራሉ።

በላቲን ስንጻፍ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይኑር ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። (ያው ሕግ የልጅን ስም የሚያወጣው አባት ነው፣ እናት ሌላ ስም ልትጨምር ትችላለች ይላል። ይህን ለሠናይት ሳነብላት ልጇን እያጠባች ከት ብላ ሳቀች።) ስለዚህ ውጭ አገር የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል። ኃይሌ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የዓለም ጋዜጦች «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ብለው ጻፉ። የሮጠው ልጁ፣ የተዘገበላቸው አባቱ! እሱም በላቲኑ ከ‹ብ› በኋላ መኖር የነበረባት ‹ኢ› ተዘልላ ነው፤ በዚያው ታወቀ፣ በዚያው ቀረ። ኃይሌን ማንም መታወቂያ አምጣ ስለማይለው ግድ የለም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን የአባታችን ስም በሁለታችን ወረቀት ላይ በተለያየ ላቲን ስለተጻፈ በሰነድ ደረጃ እህትና ወንድም አይደለንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሰላም ወይም ሔለን ብለህ ጥራና ተገላገል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጸሐፊ ስለሚቸገር ተብሎ ልጅ ስሟን ማጣት የለባትም። ወላጆች ግን ስሙን ለማውጣት ሁለት ወር ከተከራከሩ፣ አጻጻፉን ለመወሰን አንድ ማታ ይስጡት። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ከአጥር ውጭ ሆነው ጮክ ብለው ይጥሩት። ላቲኑን ለማያውቅ ሰው አስነብበው ምን ብሎ እንደሚያነበው ይስሙ፤ የአባትየውም ስም በአባትየው መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ጊዜውም ጠባብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው ደግሞ በ80 ቀኗ ነው። የክርስትናውን ድግስ አሳልፎ ስለ ፊደል ለማሰብ የሚቀረው አሥር ቀን ብቻ ነው።

እኛ የሄድነው በ86ኛው ቀን ነው፤ ሠናይት፣ ባሏ፣ ሕፃኗና እኔ። ወረቀቱን በትልቁ ጽፌ ይዣለሁ። የወረዳው የክብር መዝገብ ሹም ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት ነው፣ ግን ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል።

«የሕፃኗ ስም?»

«ኆኅት» አለች እህቴ።

«ሆሄት?»

«ኆኅት።»

«በየትኛው ሀ ልጻፈው?»

«ሁለቱም በብዙኃኑ።»

ቀና ብሎ አየን። «ሁሉም አንድ አይደል እንዴ?» አለ። ወረቀቱን በመስኮቱ አሾለክሁለት። ፊደሉን ፍለጋ ጥቂት ደቂቃ ፈጀበት፣ ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ፣ ሕፃኗም አለቀሰች። የመጀመሪያው እትም ‹ኆሕት› ብሎ ወጣ። መለስነው። ሁለተኛው ላይ አማርኛው ልክ ሆኖ ላቲኑ ውስጥ የተስማማንባት ‹አይ› ጠፋች። እሱንም መለስነው። በሦስተኛው ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ፊደል በፊደል አነበብነው። ልክ ነው! አመስግነን ወጣን።

ቤት ስንደርስ እቴቴ ሕፃኗን ተቀብላ «ነይ ሆዴ፣ ነይ ሆዴ» አለቻት። ስሙ አልያዝላት ብሎ ይሁን አውቃ ይሁን እንጃ፣ እሷ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሆዴ ነው የምትላት፤ ልጅቷም ዞር ብላ የምታየው በዚያ ነው። ቡናው ሲፈላ ሠናይት የምስክር ወረቀቱን አውጥታ ለእቴቴ ማንበብ ጀመረች። የሕፃኗን ስም አነበበች፣ የትውልድ ቀን አነበበች፣ ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ «ሰናይት» ይላል፤ በእሳቱ። ሦስታችንም የልጅቷ ስም ላይ ስናፈጥ የእናትየውን ያየ አልነበረም።

ሰኞ ተመልሳ ትሄዳለች። እኔ ፈተና ስላለብኝ ወረቀቱን ጽፌ ሰጥቻታለሁ።