ይሉኝታና ንግድ

ይህንን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በሀብሩ ያየሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው። አጎቴ ከመርሳ ከተማ ፈንጠር ብሎ በሚገኝ ቀበሌ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ሽንኩርቱ እንደ ደረሰ አንድ ነጋዴ ከሌላ ከተማ መጣ። ቡና ተፈላ፤ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ። ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ስለ ዋጋው አንድ ቃል እንኳ አልተነገረም። ነጋዴው በመጨረሻ ሲነሣ፥ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ አለሁ አይደለም ወይ?» አለ። አጎቴም «እሺ» አሉ። ሽንኩርቱ ተጫነ። ገንዘቡ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በጊዜው ገበያው ያወጣ ከነበረው ዋጋ ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። «ዋጋውን ለምን አስቀድመው አልቆረጡም?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ቡናዬን እየጠጣ ያለን ሰው? እንዴት ብዬ! ያሳፍራል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ወደ ወልድያ ተመልሼ ይህንን ለጓደኞቼ ባወራላቸው በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ከፊሉ «ኋላ ቀርነታችን ይኸው ነው፤ እንደ ፈረንጅ ፊት ለፊት መናገር ካልተማርን ንግድ አይሆንልንም» አለ። ከፊሉ ደግሞ «ይሉኝታ የወሎዬ ክብሩ ነው፤ እርሱን ጥለን የምናገኘው ገንዘብ ይቅርብን» ሲል መለሰ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል እላለሁ። ይህንንም ለማስረዳት የሁለት ሩቅ አገሮችን፣ የፈረንሳይንና የታይላንድን፣ የንግድ ጠባይ ባነጻጽር አንባብያን ይታገሡኝ።

እነዚህን ሁለቱን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል የሚጓዝ ሰው ደላንታ ይደርሳል። በዚያ በወገልጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ይህንን ድንጋይ መርምረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ለዓለም ባለሙያዎች በዝርዝር ካስታወቁት መካከል ከፈረንሳይ የናንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኛሉ። የከበሩ ድንጋዮች ከሚሸጡባቸውና ከሚለወጡባቸው የዓለም ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ደግሞ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ናት። ስለዚህ የደላንታ ልጅ ከገደል ያወጣውን ድንጋይ ይዞ አንድ ቀን ከፈረንሳዊ፣ አንድ ቀን ከታይላንዳዊ ፊት ቢቆም የሚያስገርም አይሆንም። ሰው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ልማዱን ማወቅ ይጠቅማል።

ፈረንሳዊ ነጋዴ ወደ ስብሰባ ሲገባ ያለውን ሰው ሁሉ በየተራ ይጨብጣል፤ ሲወጣም እንደዚሁ። «ቦንዡር» ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት በእርሱ ዘንድ ብልግና ነው። የማይቀርበውን ሰው የሚጠራው በቤተ ሰቡ ስም ሲሆን፣ በፊቱም «ሙሴ» ወይም «ማዳም» የሚለውን ይጨምራል፤ አያቶቻችን ፈረንጁን «ሙሴ» ይሉት የነበረው ከዚሁ የመጣ ነው። እንደ እኛ አንተና እርስዎ የሚለይ አነጋገርም አለው። እንግዲህ ፈረንጅ አክብሮት አያውቅም የሚል ተሳስቷል። ነገር ግን ሰላምታው እንዳበቃ ክርክሩ ይጀምራል። ሐሳብህን ይቃወማል፣ ምክንያት ይጠይቃል፣ ካልተስማማው «ኖን» ይልሃል። ይህንን ሁሉ ሲያደርግ ጠልቶህ አይደለም፤ እንዲያውም የማይከራከረውን ሰው ጉዳዩን እንዳላሰበበት ይቆጥረዋል። ስምምነቱንም በጽሑፍ ዘርዝሮ ይፈርማል።

ታይላንዳዊ ግን ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሰላምታ «ዋይ» ይባላል፤ አስቀድሞ የሚያቀርበው ታናሹ ነው። የስም ካርድ ሲሰጥና ሲቀበል በሁለት እጁ ነው። በሰው ፊት መቆጣትና ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ የሰው ራስ መንካት፣ የእግርን ውስጥ ወደ ሰው ማዞር ነውር ነው። ሰውን በራሱ ስም ይጠራል፤ በፊቱም እኛ «አቶ» እንደምንለው «ኩን» የሚል ቃል ያስቀድማል። ሲነገረው ለአክብሮት «ክራፕ» እያለ ቢያዳምጥ ሰማሁ ማለቱ እንጂ ተስማማሁ ማለቱ ላይሆን ይችላል። እምቢታውን በፈገግታ፣ በዝምታ ወይም «እናስብበታለን» በሚል ቃል ይሸፍነዋል። ለዚህ ጠባይ «ክሬንግ ጃይ» የሚል ስም አላቸው፤ ሌላውን ላለማስቸገርና ላለማሳፈር ራስን መግታት ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህንን በአንድ ቃል መተርጎም ይቸግራቸዋል። እኛን ግን አይቸግረንም፤ ይሉኝታ ነው። «ማይ ፔን ራይ» የሚሉትም፣ ግድ የለም ማለት ሲሆን፣ የእኛው «አብሽር» የቅርብ ዘመድ ነው።

የሁለቱ ሕዝቦች ጠባይ ከጥንት ሲጋጭ ኖሯል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1685 የሉዊ 14ኛ መልእክተኛ ሼቫሊዬ ደ ሾሞን ያን ጊዜ ሲያም ትባል ወደ ነበረችው ታይላንድ ሄዶ ከንጉሥ ናራይ ፊት ቀረበ። የአገሩ ሹማምንት ሁሉ በግንባራቸው ተደፍተው ሳለ እርሱ አልሰግድም ብሎ ቆመ። ንጉሡ ከፍ ካለ መስኮት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሾሞን የደብዳቤውን የወርቅ ዕቃ ወደ ላይ ማንሣት ሲገባው እጄን ከፍ አላደርግም አለ። ንጉሡም አልተቆጡም፤ ሣቅ ብለው ጐንበስ በማለት ደብዳቤውን ተቀበሉ። ፈረንሳዊው አሸነፍሁ ሳይል አልቀረም። ነገር ግን 3 ዓመት ሳይሞላ ንጉሥ ናራይ ሞቱ፤ የፈረንሳይ ወታደሮችም ከአገር ተባረሩ። ፈገግታን ስምምነት ነው ብሎ የሚተረጉም ሰው ከዚህ ይማር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጠባያችንን ስንመለከተው ታይላንዳውያንን እንመስላለን፤ በሁለት እጅ እንሰጣለን፣ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን፣ እምቢታን በ«እግዜር ያውቃል» እና በ«ኢንሻ አላህ» እንሸፍናለን። የውል ሕጋችን ግን ፈረንሳዊ እጅ ያረፈበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣውን የንግድ ሕግም ያረቀቁት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ የሚባሉ ፈረንሳውያን ሲሆኑ፣ ይህ ሕግ በአዲስ የተተካው በ2013 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በመሠረቱ ዝምታ ውልን እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። በእኛ ቤት ግን ዝም ያለ እሺ እንዳለ ይቆጠራል። እንግዲህ በሕጋችን ፈረንሳውያን፣ በጠባያችን ታይላንዳውያን ሆነን በመካከሉ አጎቴን የመሰለው ገበሬ ይወድቃል። ዳኛ ፊት ቢቀርብ «ምን ተባባላችሁ?» ይባላል። የሚመልሰው ቃል የለውም፤ የተባባሉት «አብሽር» ብቻ ነውና።

እንግዲያው ይሉኝታን እንጣለው? አይደለም። ይሉኝታ ያደኸየን ቢሆን ኖሮ ባንኮክ ባደኸየች ነበር። የታይላንድ ገበያ ጥበብ ይሉኝታውን ለአፍ፣ ቁጥሩን ለዐይን መስጠቱ ላይ ነው። ሻጩ ዋጋውን በካልኩሌተር ላይ ጽፎ በፈገግታ ያቀርባል፤ ገዢው አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። ማንም ማንንም «ዋሸህ» ወይም «እምቢ» ሳይለው እምቢታው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ማንም አላፈረም፤ ዋጋው ግን ታወቀ።

ይህ ጥበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እቁባችን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጥራ ሲባል ተሰደብሁ ብሎ አይቆጣም። ዕድራችን መዝገብ አለው፤ ያልከፈለው በስሙ ይጠራል። ጋብቻችን ሽማግሌ ሳይቀመጥበት አይጸናም። ወዳጅን ከወዳጅ ጋር በጽሑፍና በምስክር ማሰር የወሎ ሰው ከጥንት ያውቅበታል። ታዲያ ለእቁቡ ያላሳፈረው ወረቀት ለሽንኩርቱና ለኦፓሉ ለምን ያሳፍረዋል? ያላስለመድነው ስለ ሆነ ብቻ ነው።

ማስለመዱ የማን ሥራ ነው ቢባል የእኛ የተማሪዎች ነው እላለሁ። ሕግና ማኔጅመንት የምንማር በየዕረፍቱ ወደ መርሳ፣ ወደ ስሪንቃ፣ ወደ ደላንታ እንሄዳለን። ስንሄድ ስለ ትምህርታችን ከማውራት ይልቅ አምስት መስመር ውል እንጻፍ፤ ምን ያህል ኩንታል፣ በስንት ብር፣ መቼ ይከፈላል፣ ምስክሮቹ እነማን ናቸው። የወሎ ኦፓል ውኃ መጥጦ ክብደት የሚጨምር ድንጋይ ነውና ደርቆ መመዘኑም ይጻፍ። የውጭ ሰው ካለበት ዘመኑ በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ፤ የእኛ 2017 ሚያዝያ ለፈረንሳዊው 2025፣ ለታይላንዳዊው 2568 ነውና። ወረቀቱን የሚያወጣውም ገበሬው ሳይሆን ሽማግሌው ወይም ተማሪው ልጅ ይሁን፤ ያን ጊዜ ገበሬው እንግዳውን አላመነውም አይባልም።

እኔ በሚቀጥለው ዕረፍት የማደርገውን ቈርጫለሁ። ነጋዴው ሲመጣ ቡናው ይፈላል፤ አንድም ስኒ አይጎድልበትም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ ግን ደብተሬን አወጣለሁ። አጎቴ ቢያፍሩ «የትምህርት ቤት ልማድ ሆኖበት ነው» ይበሉ፤ እፍረቱን እኔ እሸከማለሁ። ነጋዴውም በአምስቱ መስመር ላይ ከፈረመ በኋላ፣ ደስ እንዳለው «አብሽሩ» ይበል።